መብራት ሲሄድ ፋይልዎ አብሮ እንዳይሄድ፦ ፋይልን የመጠበቅና ቅጂ የማስቀመጥ መመሪያ

ጅማ ላይ የኮምፒውተር ፋይል የሚጠፋባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል። ፍላሽ ለፕሪንት ወጥቶ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ያረጀ ሃርድ ዲስክ አንድ ጠዋት አልነሣም ይላል። ላፕቶፕ ከነቦርሳው ይሰረቃል። ከዚህ ሁሉ የሚያድን ፕሮግራም የለም። የሚያድነው ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ከኮምፒውተሩ የተነቀለና ተከፍቶ የተሞከረ ቅጂ ነው።

መመሪያው ለተመራቂ ተማሪ፣ የቡና ግዢውን በኤክሴል ለሚይዝ አቅራቢ፣ ሠርግ ለሚቀርጽ ስቱዲዮና ለአነስተኛ ቢሮ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ኮምፒውተር ይበቃል። ከዕቃ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ እንዲሁም ለፕሪንት ብቻ የሚሆን አንድ ርካሽ ፍላሽ ያስፈልጋል። ከፕሮግራም ፍሪፋይልሲንክ፣ ሰቨን ዚፕ እና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይበቃሉ፤ ሦስቱም ለግል ጥቅም በነፃ ይገኛሉ። ከራሳቸው ድረ ገጽ ያውርዷቸው እንጂ ከሰው ፍላሽ አይቅዱ።

ደረጃ 1፦ ሥራዎን አንድ ቦታ ይሰብስቡ

ግማሹ ዴስክቶፕ ላይ፣ ግማሹ ዳውንሎድስ ውስጥ፣ የቀረው ቴሌግራም ካወረደው ጋር የተደባለቀ ሥራ ባክአፕ ሊደረግ አይችልም፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይረሳል። አንድ ፎልደር ይክፈቱ፣ «ሥራ» ይበሉት፣ ሌላ ቦታ የማያገኙትን ነገር ሁሉ ወደዚያ ያዛውሩ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ዛሬ ቢጠፋ እንደገና ላገኘው እችላለሁ ወይ? ፊልምና የፕሮግራም መጫኛ ተመልሶ ይገኛል። ከጎማና ከማና ወረዳ የሰበሰቡት የመጠይቅ መረጃ፣ የሙሽሮቹ ጥሬ ቪዲዮ፣ የማን ቀብድ ስንት እንደሆነ የሚናገረው ሰንጠረዥ ግን አይገኝም።

ለፋይል ስም ሲያወጡ ዓመቱን ያስቀድሙ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከመረጡ ሁልጊዜ እሱኑ ይጠቀሙ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጽፈው ዓመት ከእኛው 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚቀድም ሁለቱ ከተደባለቁ የትኛው አዲስ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚሉ ስሞችን አድቫይዘርዎም አይወዷቸውም።

ስሙን በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ያሳጥሩት። ዊንዶውስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። ኤክስት 4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ግን 255 ባይት ነው የሚፈቅደው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ እዚያ 3 ባይት ስለሚይዝ ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም አይገባም። የጥናቱን ሙሉ ርዕስ ለፋይል ስም የሚያደርግ ሰው ሊኑክስ ወዳለው ኮምፒውተር ሲገለብጥ የሚያጋጥመው ይህ ነው።

የቡና ነጋዴ ከሆኑ የየዓመቱን ግዢ በየራሱ ፋይል ይለዩ። የአምስት ዓመት ሒሳብ በአንድ ኤክሴል ውስጥ ከተከማቸ አንድ ብልሽት አምስቱንም ይወስዳል።

ደረጃ 2፦ ዲስክዎ በምን ፋይል ሲስተም እንደተደራጀ ይወቁ

«ዲስ ፒሲ»ን ይክፈቱ፣ ዲስኩን በቀኝ ክሊክ ይጫኑ፣ «ፕሮፐርቲስ» ይግቡ። «ፋይል ሲስተም» በሚለው መስመር ላይ ኤንቲኤፍኤስ፣ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት የሚል ያገኛሉ።

ፋይል ሲስተም ማለት እንደ ቡና መጋዘን መዝገብ ነው፤ የትኛው ጆንያ የት ረድፍ ላይ እንዳለ የሚናገር። መብራት የሄደው ጆንያው ከቦታው ተነሥቶ መዝገቡ ሳይስተካከል ከሆነ፣ ሲመለስ ዕቃውና መዝገቡ አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስ ይህን ለመከላከል፣ በመዝገቡ ላይ ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በሌላ ማስታወሻ ይጽፋል። ይህ አሠራር ጆርናሊንግ ይባላል። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ማስታወሻውን ያነብና የተጀመረውን ወይ ይጨርሳል ወይ ይሰርዛል። ፋት 32 እና ኤክስፋት ይህ ማስታወሻ የላቸውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነጥብ ላይ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ የጆንያውን ውስጥ አይደለም። ኤክሴሉ ግማሽ ተጽፎ መብራት ከሄደ ዲስኩ «ጤነኛ ነኝ» ይላል፣ ፋይሉም በስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን አይከፈትም። ዜድኤፍኤስ እና ቢትሪኤፍኤስ የሚባሉ ፋይል ሲስተሞች ለይዘቱም ቼክሰም፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር፣ እየያዙ ሲነበብ ያመሳክራሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ግን ለተራ ተጠቃሚ የሚሆኑ አይደሉም። ስለዚህ ይዘቱን የመጠበቁ ሥራ የእርስዎ ነው።

ምርጫው እንዲህ ይሁን። ለባክአፕ የሚውል ኤክስተርናል ዲስክ፣ ዊንዶውስ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ከማክ ጋር ለሚጋሩት ፍላሽ ኤክስፋት ይሻላል። ፋት 32 ለትልቅ ፋይል አይሆንም፤ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ እያለው የሠርግ ቪዲዮ አልወስድም የሚል ፍላሽ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ፋይል ሲስተም ለመቀየር ዲስኩን ፎርማት ሲያደርጉ ግን በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ይገልብጡ።

ደረጃ 3፦ ለመብራት መሄድና መምጣት ይዘጋጁ

ግልገል ጊቤ ለአገር የሚበቃ ውኃ ይዞ በቅርባችን ተኝቶ ሳለ እኛ ሻማ መፈለጋችን ሌላ ጨዋታ ነው። ለፋይሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፦

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) አይጠቀሙ። ስቴብላይዘር ዩፒኤስ አይደለም፤ የቮልቴጁን ከፍ ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤሱ የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሱም ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ነው። ፕሪንተሩን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ። የውስጥ ባትሪው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚያገለግል በየስድስት ወሩ፣ የተከፈተ ሥራ ሳይኖር፣ ከግድግዳው ነቅለው ይሞክሩት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ያለ ዩፒኤስ ከሚሠራ ዴስክቶፕ አይለይም።

በዎርድና በኤክሴል «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» ይግቡ። «አውቶሪከቨር» የሚለው 10 ደቂቃ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል፤ ወደ 2 ዝቅ ያድርጉት። ይህ ማለት ግን ኮንትሮል ኤስን መተው አይደለም።

የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ነጎድጓዱም አይጣል ነው። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሶኬቱን ከግድግዳ ይንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የኢንተርኔቱንም ገመድ ይንቀሉ፤ መብረቅ በእሱም ይገባል። ባክአፕ ዲስኩ በዚያ ሰዓት ተሰክቶ ከተገኘ ዋናውና ቅጂው አብረው ይቃጠላሉ። መብራት ሲመለስም ቶሎ አይሰኩ፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ እስኪረጋ ጥቂት ይታገሡ።

መብራት በሥራ መካከል ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ዲስኩን ያስመርምሩ፦ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ»። ይህ ምርመራ መዝገቡን ነው የሚያስተካክለው፤ ሲያስተካክልም ባለቤት ያጣውን ቁርጥራጭ ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ቅጂ የሌለው አስፈላጊ ፋይል ካለ አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፣ ከዚያ ይመርምሩ።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የጫኑ ሰዎች የዊንዶውሱን «ፋስት ስታርትአፕ» ያጥፉ። እሱ ሲበራ ዊንዶውስ በትክክል ስለማይዘጋ፣ ሊኑክስ ገብቶ በዚያው ዲስክ ላይ ቢጽፍ ፋይል ሲስተሙን ሊያበላሽ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ፍላሽን አይመኑ

ፍላሽ መጓጓዣ ነው፣ ማስቀመጫ አይደለም። ብቸኛው የጽሑፍዎ ቅጂ ፍላሽ ላይ ከሆነ ቅጂ የለዎትም ማለት ነው። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ነገርም በፍላሽ አይሁን፤ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

አዲስ ፍላሽ ሲገዙ ይፈትኑት። በትንሽ ገንዘብ «2 ቴራባይት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ጊዜ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ሲገለበጥበት ሁሉም የገባ ይመስላል፣ ስሙም መጠኑም ይታያል። ከእውነተኛው ልክ ያለፈው ግን የትም አልተጻፈም። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ጢም አድርጎ ይሞላና መልሶ ያነባል፤ ውሸቱን ያወጣዋል። ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ትተውት ይደሩ። ነጋዴው «ካልሆነ መልስ» ባለበት ሳምንት ውስጥ ያድርጉት።

ከመንቀልዎ በፊት ሁልጊዜ «ኢጀክት» ያድርጉ። ከ2018 ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 10 ፍላሽ በቶሎ እንዲነቀል ሆኖ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ መጻፍ ሳይጨርስ የተነቀለን ፍላሽ የሚያድነው ነገር የለም።

አሁን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ። ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ሲደርስ በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያሉ ቤቶች ኮምፒውተር ውስጥ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚገባ ያስቡት። ቤቶቹን መውቀስ አይገባም፤ የሁሉም ሰው ፍላሽ የሚገናኝበት ቦታ ነው። መፍትሔው እዚያ የሚሄድ ፍላሽ ለብቻው እንዲሆን ማድረግ ነው። በላዩ የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ይኑር። ፒዲኤፍ ቫይረስ ከመከላከሉ ይልቅ የሚጠቅመው ሠንጠረዡና ፊደሉ እንዳይበተን ነው። ሲመለስ ምንም ሳይከፍቱ ፎርማት ያድርጉት።

በፍላሹ ውስጥ ፋይሎችዎ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ከታየ አይጫኑት። ሾርትከቱ ሲጫን መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሣል፣ ከዚያ ፎልደሩን ስለሚከፍትልዎ ሁሉ ሰላም ይመስላል። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። «ቪው» ውስጥ ገብተው «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ካልታዩ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውንም ያንሡ። አንዳንዴ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተከተው ይገኛሉ። ሰነዶቹን ብቻ ለይተው ያውጡ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፣ ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ ይፈትሹ።

ደረጃ 5፦ ባክአፑን ያቋቁሙ

በሙያው የተለመደው ደንብ 3-2-1 ይባላል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ያስፋፋውም ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ የስቱዲዮ ባለቤቶች ልብ ይበሉ። በእኛ ሁኔታ ዋናው ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ቅጂ ቤት ባለ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ዘመድ ቤት ባለ ዲስክ ወይም ኢንተርኔት ላይ ይሁን ማለት ነው። ሱቁና ቤቱ ተለያይቶ የሚኖር ሰው ከቤት ውጭ የሚለው ጥያቄ ተመልሶለታል።

ፍሪፋይልሲንክን ይክፈቱ። በግራ በኩል «ሥራ» የሚለውን ፎልደር፣ በቀኝ በኩል ኤክስተርናል ዲስኩ ላይ የሠሩለትን ፎልደር ይምረጡ። በአረንጓዴው ባለ ጥርስ መዘውር ምልክት ሲገቡ አሠራሮች ይቀርባሉ። «ሚረር» ቀኙን ልክ እንደ ግራው ያደርገዋል፤ ከግራ ያጠፉትን ከቀኝም ያጠፋል። «አፕዴት» አዲሱንና የተለወጠውን ይወስዳል እንጂ አያጠፋም። ከሁለቱ በላይ የሚጠቅመው ግን እዚያው ገጽ ላይ ያለው «ቨርዥኒንግ» ነው። ይህን መርጠው የድሮ ቅጂዎች የሚገቡበት ሌላ ፎልደር ይስጡት፣ አሰያየሙንም «ታይም ስታምፕ» ያድርጉት። ከዚያ ወዲህ በአዲስ የሚተካ ወይም የሚሰረዝ ፋይል ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ወደዚያ ይገባል።

ያለዚህ ባክአፕ ግማሽ ነው። ረቡዕ የተበላሸ ኤክሴል ዓርብ ሲገለበጥ ጤነኛውን ቅጂ ይተካዋል፤ ቅዳሜ ብልሽቱን ሲያውቁ በሁለቱም ዲስክ ያለው ብልሹው ነው። ጎግል ድራይቭና መሰሎቹ የሚያደርጉት ሲንክም እንደዚሁ ነው፤ እዚህ ያጠፉትን እዚያም ያጠፋሉ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ በቅርጫት ያቆዩታል።

«ኮምፔር» ይጫኑ፣ ዝርዝሩን ይመልከቱ። ከተለመደው በላይ ብዙ ፋይል «ይጠፋል» ወይም «ይተካል» ካለ ያቁሙና ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚህ ሊታወቅ ይችላል። ደህና ከሆነ «ሲንክሮናይዝ» ይበሉ።

ሲያልቅ ኢጀክት አድርገው ይንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ኮምፒውተሩን ያገኘው መብረቅም ቫይረስም ሌባም ያገኘዋል። ዲስኩን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት፤ ሐምሌ ላይ ግድግዳችን እንኳ ያልባል።

መቼ? ቋሚ ቀን ካልተቆረጠለት አይደረግም። ለቢሮ ሰው ዓርብ ቀትር ጥሩ ነው፤ የምሳ ዕረፍቱ ከሌላው ቀን ስለሚረዝም ሰው ጁምዓ ሰግዶ ወይም ምሳ በልቶ ሲመለስ ሥራው አልቆ ይጠብቃል። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና በሚገዛበት ወቅት ግን በየቀኑ ማታ መሆን አለበት። የአንድ ቀን ግዢ ከጠፋ ከገበሬው ጋር የሚያጣላው ኪሎና ዋጋ ነው የሚጠፋው። ሁለት ዲስክ ካለዎት በየሳምንቱ ያፈራርቋቸው።

ስለ ቢትሎከር አንድ ነገር፦ አንዳንድ አዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ቦርዱ ቢቃጠል ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር ለመክፈት ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ የግድ ነው። አሁኑኑ አውጥተው በወረቀት ያትሙና ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት።

ደረጃ 6፦ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቅጂ

ጎግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ኢሜይልና ፎቶም ከዚያው ይቆጠራል። ለጽሑፍና ለሒሳብ ይተርፋል፣ ለቪዲዮ አይሆንም። ቴሌግራም ላይ ለራስዎ የሚልኩበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። ፎቶ ሲልኩ «ፋይል» ብለው ይላኩ፣ አለዚያ አሳንሶ ጥራቱን ይቀንሰዋል። የሰው ስምና ገንዘብ ያለበትን ነገር በሰቨን ዚፕ በፓስወርድ ቆልፈው ነው የሚጭኑት፤ ፓስወርዱን ከረሱት ግን የሚከፍትልዎ የለም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ካስቸገረ ሰቨን ዚፕ ፋይሉን በ100 ሜጋባይት ቆራርጦ ያዘጋጅልዎታል፤ የተቋረጠውን ክፍል ብቻ ደግመው ይልካሉ።

ደረጃ 7፦ ቅጂው በእርግጥ እንደሚከፈት ይፈትኑ

በወር አንድ ጊዜ ባክአፕ ዲስኩን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጥቂት ፋይሎችን ይክፈቱ። የራስዎ ላይ መሞከር አይበቃም።

ከዚህ ጠለቅ ያለው መንገድ ቼክሰም ነው። በሰቨን ዚፕ የቀኝ ክሊክ ዝርዝር ውስጥ ኤስኤችኤ 256 የሚለውን በዋናው ፎልደር ላይ ያስሉ፣ ከዚያ በቅጂው ላይ። ለመላው ዳታ የወጣው ረጅም ቁጥር በሁለቱም አንድ ከሆነ ይዘቱ ሳይዛነፍ ተገልብጧል። አንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ለማይነኩት ነገር፣ ለምሳሌ ለተጠናቀቀ ሠርግ፣ ቁጥሩን በጽሑፍ ፋይል ያኑሩና በዓመቱ እንደገና ያመሳክሩ።

በአማርኛ ሰነድ ላይ ብልሽት ያልሆነ ብልሽት አለ። በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ እነዚያ ፎንቶች በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚሠሩት። «ተበላሽቷል» ብለው እንዳይሰርዙት። የፎንቱን ፋይል ከባክአፑ ጋር ያስቀምጡ፣ ሰነዶቹንም በፒዲኤፍ አንድ አንድ ቅጂ ያውጡላቸው።

ደረጃ 8፦ አንዴ ከተበላሸ

ዊንዶውስ «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ ይበሉ። በዲስኩ ላይ ምንም አይጻፉ፤ መልሶ ማግኛ ፕሮግራሙንም በእሱ ላይ አይጫኑ። የተሰረዘ ፋይል ቦታው በሌላ እስኪያዝ ድረስ ሃርድ ዲስክና ፍላሽ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው የዲስክ ዓይነት) ላይ ግን ዲስኩ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው የመነመነ ነው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ይክፈቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዲስኩ ደህና ነው፣ ችግሩ ፋይል ሲስተሙ ላይ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ዲስኩ ራሱ እየሄደ ነው፤ ጥገናና ምርመራ አይጀምሩ፣ በጣም አስፈላጊውን አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ያጥፉት፤ በሠራ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ የባለሙያ ነገር ነው። ከፍቼ ልይልዎ የሚል ሰው ካለ አይስጡት፤ ሃርድ ዲስክ በአቧራ መካከል የሚከፈት ዕቃ አይደለም።

ዲስኩ ደህና ሆኖ ፋይሉ ብቻ ካልተከፈተ፣ ዎርድ ወይም ኤክሴል ውስጥ «ኦፕን» ብለው ፋይሉን ይምረጡ፣ ከቁልፉ ጎን ያለውን ቀስት ተጭነው «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» ይበሉ። ፍላሹ ወይም ሜሞሪ ካርዱ ባዶ ከመሰለ ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይሞክሩ። እሱ መዝገቡን ትቶ የፋይሎቹን አጀማመር እያወቀ ስለሚለቅም ስማቸውንና ፎልደራቸውን አይመልስም። ያወጣቸውን በሌላ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ያዙት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈቱ ስም መስጠት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።